የአደን ጠመንጃችሁን ቤት ውስጥ ፈትታችሁ ስትወለውሉና መልሳችሁ ስትገጥሙ

ኅዳር ሲጠባ እዚህ ቨርጂኒያ የአጋዘን አደን ወቅት ይደርሳል። ያኔ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። አንዱ ፈትቶ መልሶ መግጠም አቅቶት ይደውላል። ሌላው ዝገት አይቶ ደንግጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ «አምና የት ጋ እንደሚመታ አውቀው ነበር፣ ዘንድሮ ወዲያ ወዲህ ይበትንብኛል» ብሎ። ሁሉንም በስልክ ማስረዳት ስላልተቻለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የምጽፈው በእጅ እየተቀባበለ አንድ አንድ ስለሚተኩሰው የአደን ጠመንጃ ነው። ሬሚንግተን 700ም ይሁን ከጀርመኑ ማውዘር 98 የተቀዱት ሌሎቹ፣ አያያዛቸው ይመሳሰላል። የእናንተ ለየት ያለ ከሆነ ከጠመንጃው ጋር የመጣውን መመሪያ አስቀድሙ። ጠፍቶባችሁም ከሆነ ብዙዎቹ አምራቾች ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ አስቀምጠውታል። እየገፋንና እየጎተትን ጥይት የምናጎርስበትን ብረት «ቦልት» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ማቀባበያ የምትሉም እሱን ማለቴ እንደሆነ ያዙልኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የአደን ጠመንጃ በብዛት የሚጎዳው በመተኮስ አይደለም። በችኮላ መወልወልና በማይሆን መፍቻ ነው። አንድ አዳኝ በዓመት ስንት ጥይት ይተኩሳል? ኢላማ ማስተካከያውን ጨምሮ አንድ ሁለት ፓኮ ቢሆን ነው። በርሜሉ በዚያ አያልቅም። ግን በተሳሳተ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል እየፈተጉ ጫፉን መብላት ይቻላል፤ ያ ጫፍ ደግሞ ጥይቱ በመጨረሻ የሚነካው ቦታ ስለሆነ ትንሽ ጉዳት እንኳ አቅጣጫ ያስታል። ስለዚህ ከዚህ በታች «ቀስ በሉ» ስል ለወጉ አይደለም።

ስለ ሕጉም አጭር ቃል። አሜሪካ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ ከሆነ የፌዴራል ሕጉ ጠመንጃ መያዝን በመሠረቱ ይከለክላል፤ የጸና የአደን ፈቃድ ያለው ሰው ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ነው። የጓደኛችሁን ጠመንጃ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ጠበቃ ጠይቁ። ነገሩ መባረር ድረስ ሊያደርስ ይችላል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እንደማይቻል ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑ

አባቴ ምንሽር ነበረው። ሊወለውል ሲል መደቡ ላይ ይቀመጥና አፈሙዙን ወደ ውጭ፣ ወደ ዳገቱ ያዞራል። ከዚያ ይከፍተዋል። ትንሿን ጣቱን ጥይት ከሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ይከታል። «ባዶ ነው» ይላል ጮክ ብሎ፣ ቤት ውስጥ ላለው ሁሉ እንዲሰማ። ያን ጊዜ ሥርዓት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም ሳደርገው ልጆቼ ይስቃሉ፤ ግን ድምፄን ሰምተው ከክፍሉ ይወጣሉ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በመጀመሪያ ጥይት ከክፍሉ ይውጣ። ከጠመንጃው ብቻ አላልኩም፣ ከክፍሉ። ፓኮውን፣ የጃኬት ኪስ ውስጥ የቀረችውን አንዷን፣ ሰደፉ ላይ በታሰረው ማኅደር የተሰኩትን ሁሉ ሰብስባችሁ ሌላ ክፍል ቆልፉባቸው። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። አፓርታማ ከሆነ ቤታችሁ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት አለ፣ ከወለሉም በታች አለ፤ ይህን አስቡበት። ጣታችሁ ከቃታው ይራቅ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ካዝና ይቀድማል። ካዝናው ሳይወጣ ቦልቱን ከፍታችሁ ጓዳው ውስጥ የነበረችውን ብታወጡና መልሳችሁ ብትዘጉ፣ ካዝናው ውስጥ ያለችውን ተከታይዋን ራሳችሁ አጎረሳችሁት ማለት ነው። ካዝናው የሚወልቅ ካልሆነ ከሥር ያለውን ክዳን ከፍታችሁ አራግፉት። ከዚያ ቦልቱን ሳቡ፣ በዓይን እዩ፣ በጣት ዳስሱ። ጓዳው ጨለማ ስለሆነ ዓይን ብቻውን አይበቃም።

ስልክ አንስታችሁ፣ ቡና ቀርቧል ተብላችሁ ተነስታችሁ ከተመለሳችሁ እንደገና ፈትሹ። ሁሌም።

ምን ምን ያስፈልጋል

ብዙ አያስፈልግም፣ ግን ያለው ትክክለኛው ይሁን።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚገባው ዘንጉ ላይ ነው። አንድ ወጥ የሆነ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወይም ከካርቦን የተሠራ ግዙ። በሱቁ በርካሽ የሚሸጠው እየተገጣጠመ የሚረዝመው ሦስት ቁራጭ ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ጠርዝ አለው፤ ሲታጠፍ ያ ጠርዝ የበርሜሉን ውስጥ ይፍቃል። እጀታው ውስጥ ኩሽኔታ ያለው፣ በራሱ የሚዞር ቢሆን ይመረጣል። በበርሜሉ ውስጥ ያሉት ጥምዝ መስመሮች ብሩሹን ሲያዞሩት ዘንጉም አብሮ መዞር አለበት።

ቀጥሎ ለጥይታችሁ ልክ የሚሆን የነሐስ ብሩሽ። .308ም ሆነ .30-06 ከሆነ ያላችሁ የ30 ካሊበሩ ብሩሽ ነው የሚሆናችሁ። የብረት ብሩሽ ዝም ብላችሁ እለፉት። በቦልቱ ቦታ የሚገባና ዘንጉን ቀጥ አድርጎ የሚመራ ፕላስቲክ ቱቦም አለ፣ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ የበርሜሉን ቆሻሻ የሚያሟሟው መድኃኒት ወደ ቃታው እንዳይወርድ ያግዳል። ጨርቅ የተቆረጠውን መግዛት ይቻላል፣ የቆየ የጥጥ ካናቴራ ቀዳችሁ ብትጠቀሙም ያው ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሆፕስ ቁጥር 9 ከ1903 ጀምሮ ያለ ነው፣ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። ዘይቱ ቀጭን የጠመንጃ ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይሆናል። ደብሊው ዲ 40 ውኃን ከብረት ላይ ለማባረር ጎበዝ ነው፣ ለወራት ለማስቀመጥ ግን በእሱ አትተማመኑ።

አሁን ካቻቢቴ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተለመደው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። የብሎኑ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ከላይ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስትገፉት ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ አንዳንዴም ተንሸራቶ እንጨቱን ይጭረዋል። ለጠመንጃ የሚሠራው ጫፉ ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ ይሞላል። ያገለገለ ጠመንጃ ስትገዙ መጀመሪያ የብሎኖቹን ራስ እዩ፤ የተበሉ ከሆኑ የቀድሞው ባለቤት በምን እንደፈታው ይነግሯችኋል። አዳዲሶቹ በብሩጎላ ወይም በኮከብ መፍቻ የሚፈቱ ናቸው፣ እነሱ ይሻላሉ።

የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቶርክ መፍቻም ያስፈልጋል። በኢንች ፓውንድ የሚለካውን ነው የምላችሁ። ለመኪና ጎማ የምትጠቀሙበት በፉት ፓውንድ ነው፣ አንዱ ፉት ፓውንድ አሥራ ሁለት ኢንች ፓውንድ ነው። በመኪናው መፍቻ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ብሎን ካጠበቃችሁ ብሎኑ ይቆረጣል።

የቀረው ቤት ውስጥ የሚገኝ ነው። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ጓንት፣ ባትሪ፣ ነጭ አንሶላ። ነጭ የሆነበት ምክንያት የወደቀች ጥቃቅን ነገር እንድትታይ ነው። ሞርሳ ካላችሁ ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ከሌላችሁ ጠንካራ ካርቶን ወስዳችሁ ሁለቱን ጎን በቪ ቅርጽ ብትቆርጡት ጠመንጃው ተኝቶበት ሁለት እጃችሁ ነጻ ይሆናል። የእንቁላል ትሪ ደግሞ ለብሎን የሚተካከለው የለም። አንዱ ጉድጓድ የፊቱ ብሎን፣ አንዱ የኋላው። ርዝመታቸው ይለያያል።

ቦታው የምግብ ጠረጴዛ አይሁን። ከበርሜሉ የሚወጣው ጥቁር ነገር እርሳስ አለበት፣ ልጆች እንጀራ ቆርሰው የሚበሉበት ላይ መቅረት የለበትም። ጋራዥ ወይም በረንዳ ይሻላል፣ መስኮት ክፈቱ፣ መድኃኒቱ ራስ ያዞራል። ስትጨርሱ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ።

መፍታት

ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ለመግጠም የሚያግዛችሁ እሱ ነው።

ቦልቱን ለማውጣት መልቀቂያዋን ፈልጉ። በማውዘርና በዘመዶቹ ላይ በግራ በኩል ከኋላ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፣ ወደ ውጭ ትጎተታለች። በሬሚንግተን 700 ላይ ከቃታው ፊት ለፊት፣ ቀለበቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ብረት ናት፤ ወደ ላይ ትጫናለች። ቦልቱ ወደኋላ ይወጣል። ለተለመደው ጽዳት ከዚህ በላይ መፍታት አያስፈልግም። በቃ። ጠመንጃውን ከእንጨቱ ማውጣት የሚያስፈልገው ዝናብ ገብቶበት ከሆነ ወይም በዓመት አንዴ ነው።

ቃታውን አትፍቱ። ከነቤቱም አትንኩት፣ ብሎኖቹንም ለማላላት አትሞክሩ። በፋብሪካ የተስተካከለ ነው፣ ከተበላሸ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ችግር ካለው ለባለሙያ ይሰጥ።

የቦልቱ ነገር ላይ አንድ የተለመደ ጭንቀት አለ። ከጠመንጃው ውጭ ሆኖ የኋላው ክፍል ቢዞር በውስጡ ያለው ጠንካራ ሞላ ይለቀቅና «አልገባም» ይላችኋል። አልተበላሸም። የኋላውን ክፍል በጨርቅ ይዛችሁ፣ እጀታውን በሌላ እጅ ይዛችሁ፣ ሞላውን እየተጋፋችሁ ወደነበረበት ጥርስ እስኪገባ ማዞር ነው። በመዶሻ ለማስገባት የሞከረ ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ።

ሁለት ጠመንጃ ያላችሁ ደግሞ ሁለቱን ቦልት በአንድ ጊዜ አታውጡ። እያንዳንዱ ቦልት ለራሱ በርሜል ልክ ሆኖ የተሠራ ነው። ቢለዋወጡ የሚገቡ ይመስላሉ፤ ጥይቱ የሚቀመጥበት ጥልቀት ግን ይዛባል፣ ሲተኮስም ቀለሁ ሊቀደድ ይችላል። አሮጌ የጦር ሜዳ ጠመንጃዎች ላይ ቁጥሩ በቦልቱም በአካሉም ላይ የተመታው ለዚህ ነው።

በርሜሉን መወልወል

ሁልጊዜ ከኋላ ወደ አፈሙዝ። በዚህ አልደራደርም። ጠመንጃው አፈሙዙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይተኛ፤ ቆሻሻው ወደፊት እንጂ ወደ ቃታውና ወደ እንጨቱ እንዳይፈስ።

መምሪያ ቱቦውን አስገቡ። ጨርቁን በመድኃኒቱ አርሱና ቀስ ብላችሁ ከኋላ ወደፊት አሳልፉ። አፈሙዙ ጋ ብቅ ሲል ጨርቁን ከዘንጉ አውልቃችሁ ጣሉት እንጂ መልሳችሁ አትጎትቱት፣ ያወጣችሁትን ቆሻሻ መልሳችሁ ማስገባት ይሆናል። ሁለት ሦስት እርጥብ ጨርቅ አሳልፉና አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። ቡናው አሁን ይጠጣ፣ እጅ ታጥባችሁ።

ከዚያ ብሩሹን አርሱና ከኋላ ወደፊት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ግፉት፣ ከዚያ መልሱት። መሀል ላይ አቅጣጫ መቀየር የለም፣ የብሩሹ ጸጉር ይታጠፍና ይቀረቀራል። አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። ብሩሹን በየጊዜው ጠርሙሱ ውስጥ አትንከሩት፤ መድኃኒቱን በጠብታ አድርጉበት፣ አለዚያ ጠርሙሱ በሙሉ ይቆሽሻል።

እንደገና እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ። መጀመሪያ ጥቁር ይወጣል፣ እሱ የባሩድ ጥላሸት ነው። ቀጥሎ ሰማያዊ አረንጓዴ ከመጣ የጥይቱ ሽፋን መዳብ ነው። አንዳንዱ ሰው አረንጓዴው አልጠፋ ሲለው ሌሊቱን ሙሉ ይፈትጋል። መጀመሪያ ብሩሹን ጠርጥሩ። ብሩሹ ራሱ ነሐስ ስለሆነ መድኃኒቱ እሱን እየበላ ነው የሚቀልመው። ከብሩሽ በኋላ ብሩሽ ሳትነኩ ሁለት ሦስት ጨርቅ አሳልፉ፣ እሱ ነው እውነቱን የሚነግራችሁ። ደግሞም በርሜል እንደ መስታወት ካልሆነ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ጠመንጃው በደንብ እየመታ ከሆነ ጥቂት መዳብ ቢቀርበት ምንም አይደለም።

በመጨረሻ በዘይት የነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ። ነካ ብቻ፣ የሚንጠባጠብ አይሁን።

እዚህ ላይ የአባቴን ነገር ልጨርስ። ከተኮሰ በኋላ በመጀመሪያ የፈላ ውኃ ነበር የሚያፈስበት። ብረት ላይ ውኃ! ሕፃን ሆኜ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ያሻዋል። እዚህ መጥቼ ስለ ጥይት ማንበብ ስጀምር ነው የገባኝ። የድሮ ጥይቶች መለኮሻ ሲቃጠል ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ በአንድ ሁለት ቀን በርሜሉን ያዝገዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፣ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ሙቅ የሚሆነው ብረቱ ሞቆ ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ማንም ኬሚስትሪ አላስተማረውም፣ ግን ትክክል ነበር። ዛሬ ከሱቅ የምትገዙት አዲስ ጥይት ይህ ችግር የለበትም። ከአሮጌ የሶቪየት ክምችት የመጣ ርካሽ ጥይት ለምንሽር መሰል ጠመንጃ ከተጠቀማችሁ ግን የአባቴን ሥራ ሥሩ፣ በዚያው ቀን።

ቦልቱና እንጨቱ

የቦልቱን ፊት በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ቀለሁን ነክሳ የምታወጣው ጥፍር ሥር የነሐስ ብናኝ ይጠራቀማል፣ በጆሮ ጥጥ አውጡት። ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የፊቱ ሁለት ጉጦች፣ ሲቆለፍ አካሉን የሚይዙት፣ ጀርባቸው ላይ ነጥብ የምታህል ግራሶ አድርጉ። ሌላው ዘይት ይበቃዋል። ቃታው ውስጥ ዘይት አትርጩ፤ ዘይት አቧራ ይይዛል፣ በብርድ ይወፍራል።

እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ከደረቀ ጥቂት የተልባ ዘይት በእጅ መዳፍ እያሹ መቀባት ያምርበታል። ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውኃ በሞላ ቆርቆሮ ክተቱት።

መልሶ መግጠም

ከእንጨቱ አውጥታችሁት ከነበረ ሁለቱን ብሎኖች በእጅ ብቻ አስገቡ፣ ሳታጠብቁ። ጠመንጃውን በሰደፉ አቁማችሁ ጫን በሉት፣ በቦታው እንዲቀመጥ። ከዚያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ልኩን አምራቹ ይጽፈዋል። በእንጨት ላይ ለተቀመጡት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ኢንች ፓውንድ ባለው ውስጥ ነው፣ የአሉሚኒየም መደብ ላላቸው ወደ 65 ይደርሳል። ግምት አትውሰዱ፤ በአንድ ልክ የተጠበቀ ጠመንጃ ልኩ ሲቀየር የሚመታበት ቦታም ይቀየራል።

በርሜሉ እንጨቱን እንዳይነካ ሆኖ የተሠራ ከሆነ ቀላል ፍተሻ አለ። የአንድ ዶላር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መሀል አስገቡና ከአፈሙዙ ወደኋላ ሳቡት። እስከ ጓዳው ድረስ ሳይያዝ ከሄደ ጥሩ። መሀል ላይ ከያዘ እዚያ ጋ ቆሻሻ አለ ወይም እንጨቱ በእርጥበት ተጣሟል።

ቦልቱን አስገቡ፣ ጥይት የሌለበት መሆኑን እንደገና አይታችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። የመጠበቂያውን ቁልፍ ሞክሩ፤ ተቆልፎ ሳለ ቃታው ሲሳብ ምንም መሆን የለበትም፣ መጠበቂያው ሲነሳም በራሱ መለቀቅ የለበትም። ከተለቀቀ ይህ ጠመንጃ ጫካ አይሄድም፣ ባለሙያ ጋ ይሄዳል።

መነጽሩ ካልተነካ ብሎኖቹን መፈተሽ ብቻ ነው። «ይበትንብኛል» ብሎ ከሚደውልልኝ ሰው ጋር የምጀምረው ሁልጊዜ በዚህ ነው። እኔም አንድ ዓመት ከአጋዘን አንገት በላይ ተኩሼ ሳትኩ። አቋቋሜን፣ ነፋሱን፣ ትንፋሼን ስወቅስ ቆይቼ ቤት ስደርስ መነጽሩን የሚይዘው የፊተኛው ቀለበት ብሎን በጣት የሚዞር ሆኖ አገኘሁት። የቀለበቱን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቃችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኢንች ፓውንድ አጥብቁ፤ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ከሥር ያለው መቀመጫ ብሎን ላይ ብሎን እንዳይላላ ከሚይዘው ማጣበቂያ፣ ከሰማያዊው ሎክታይት፣ አንድ ጠብታ ይበቃል። ቀዩን ተዉት፣ ያለ እሳት አይፈታም።

ማስቀመጥ

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ በዝናብ ውዬ መጣሁ። ደክሞኝ ስለነበር ጠመንጃውን ስፖንጅ ባለው ሻንጣ ከትቼ ተኛሁ። በሳምንቱ ስከፍተው በርሜሉ ሥር፣ ልክ ስፖንጁ በነካበት መስመር፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ተሰልፏል። ስፖንጅ ውኃ ይይዛል። የቆዳ ማኅደርም እንዲሁ። ሻንጣ ለጉዞ ነው፣ ለመኖሪያ አይደለም። ያን ዝገት ባለ አራት ዜሮ የሚባለውን እጅግ ደቃቅ የብረት ሱፍ ዘይት ነክሬ በቀስታ በማሸት አስለቀቅኩት፣ ጥቁር ቀለሙ ብዙም አልተጎዳም። በአሸዋ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ባዶ ብረት ይቀር ነበር።

ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ብረቱ ላብ ያወጣል። በሻንጣው እንዳለ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉትና ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ከዚያ አውጥታችሁ ጥረጉ፣ ወደ ጠመንጃ ማስቀመጫው ሣጥን ከመግባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ። ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አኑሩ።

ሣጥኑ ይቆለፍ። ጥይቱ ለብቻው፣ በሌላ ቁልፍ። ሣጥን ለመግዛት ካልደረሳችሁ በተከፈተው ጓዳ ውስጥ አልፎ የሚቆለፍ የሽቦ ቁልፍ አለ። ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ በሚባለው የመሣሪያ ደኅንነት ፕሮግራም በኩል ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች በነጻ ይሰጡታል፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ጋቢ ሥር፣ አልጋ ሥር መደበቅ መቆለፍ አይደለም። ልጆች ቤታቸውን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ሌላም የምለው አለ። አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላዩ ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። በቤታችሁ የከፋው ሰው ካለ፣ ወይም እናንተው ክፉ ጊዜ ላይ ከሆናችሁ፣ ጠመንጃው ለጊዜው ከቤት ይውጣ። የምታምኑት ወንድም ጋ፣ ወይም የሚያስቀምጥ ሱቅ ጋ፣ የግዛታችሁ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ። እኔ ለአንድ ወዳጄ ስምንት ወር አስቀምጬለታለሁ። ምንም አልጠየቅኩትም። አሁን አብረን እንወጣለን።

ከመውጣታችሁ በፊት

የአደኑ ቀን ሳይደርስ ተኩስ ሜዳ ሂዱ። በርሜሉ ውስጥ ዘይት ስላለ መጀመሪያ ደረቅ ጨርቅ አሳልፉ፤ ዘይት ያለበት በርሜል የመጀመሪያዋን ጥይት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳታል። ቦልቱን አውጡና ከኋላ በኩል በብርሃን አይታችሁ ማዶው ጥርት ብሎ መታየቱን አረጋግጡ። የተረሳች አንዲት ቁራጭ ጨርቅ በርሜል ልታፈነዳ ትችላለች።

በ25 ያርድ ጀምሩ። ሦስት ተኩሳችሁ መሀላቸውን ለኩ። አብዛኛው መነጽር ላይ ማስተካከያው ሲዞር የምትሰማው አንዷ ቀጭታ መምቻውን በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ታንቀሳቅሳለች፣ ስለዚህ በ25 ያርድ አንድ ኢንች ለመሄድ 16 ቀጭታ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አራት ብቻ አዙሮ «መነጽሩ አይሠራም» ይላል። መሀል ከገባላችሁ ወደ 100 ያርድ ሂዱና እንደገና ሦስት ተኩሱ፤ በየመሀሉ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ የጋለ በርሜል ይሸሻል።

በደንብ ከመታላችሁ በኋላ በርሜሉን ተዉት። ውጩን በዘይት ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አደኑ እስኪያልቅ ውስጡን አትንኩ፤ ጫካ ውስጥ የምትተኩሷት የመጀመሪያዋ ጥይት ሜዳ ላይ ካያችሁት ቦታ እንድታርፍ። የብሎኖቹን ራስና መቀመጫቸውን የሚያገናኝ ትንሽ መስመር በነጭ የጥፍር ቀለም አድርጉ፣ የባለቤቴን ነው የምጠቀመው። ማለዳ መኪናው ጋ ሆናችሁ በባትሪ ስታዩት መስመሩ ከተዛባ ብሎኑ ላልቷል።